የአየር ኃይላችን ልደት መቼ ነው? በዓሉስ እንዴት ይከበር?

ሰላም_ከቢሾፍቱ
ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አለን። ልጆቹ ለአየር ኃይል ምስረታ በዓል የግድግዳ ሰሌዳ እያዘጋጁ ነው። ሥዕሉም ፎቶውም ተሰብስቧል፤ ከላይ በትልቁ የሚጻፈው ዓመት ላይ ስንደርስ ግን ሥራው ቆመ።

በጥር 2016 የተከበረው 88ኛው ዓመት ነበር። ወደ ኋላ ሲቆጠር 1928 ላይ ያርፋል። አንዷ ተማሪዬ ደግሞ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 እንደሆነ የሚናገር መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሌላው ልጅ «አያቴ አየር ኃይል ነበሩ፤ የእኛ ቤት የተመሠረተው ከጣሊያን በኋላ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው ይላሉ» አለ። ሦስቱም ማስረጃ አላቸው፤ ሦስቱም አይለቁም። እኔም አንዱን መርጬ «ይሄ ነው» ብዬ መጫን አልፈለግሁም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ በዓሉ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት በሰማይ ላይ የሚያዩትን የበረራ ትርኢት ብቻ ነው። ድሮ እንዴት ይከበር ነበር? ምን ምን ነገር ቀርቷል? የምታውቁ ጻፉልን። ጽሑፋችሁን ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

ነሐሴ_12
መምህርት፣ ተማሪዎ ትክክል ናት። ስሜን አይተው ወገንተኛ ይሉኝ ይሆናል፤ ወገንተኛ ነኝ፣ ምክንያትም አለኝ።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ከጅቡቲ ተነስታ አዲስ አበባ ያረፈችው ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ናት፤ አብራሪዋ አንድሬ ማዬ ይባላል። ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ ግዢውን የገፉበት ግን ንጉሥ ተፈሪ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ከጀርመን ዩንከርስ መጣች። ይህ ለቤተ መንግሥት ማጌጫ የተገዛ ዕቃ እንዳልነበረ የሚያሳየው የመጣው ወር አይደለም፤ በቀጣዩ ዓመት የሆነው ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም በተባለ ቦታ የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጠሙ። አውሮፕላኗ መጀመሪያ የአቡኑን ውግዘት የያዘ በራሪ ወረቀት በተነች። ቀጥላ ቦምብ ጣለች። ራስ ጉግሣ በዚያ ውጊያ ወደቁ። አስቡት፣ አገር ውስጥ ከገባች ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላት ነው። አውሮፕላን ለጦርነት የዋለበት፣ ከምድር ጦር ጋር ተቀናጅቶ የሠራበት፣ የጦርነቱን መልክ የለወጠበት ቀን ነው። አየር ኃይል ማለት ከዚህ ሌላ ምንድነው?

የወንድማማቾች ጦርነት መሆኑ ያሳዝናል፤ ለበዓል የሚመች ትዝታ አይደለም። 1921ን ወደ ጎን ያስደረገው ይህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ታሪክ ግን የሚመቸንን ብቻ እየመረጥን የምንቆጥረው ነገር አይደለም።

ታሪክ_ፈላጊ
ነሐሴ_12፣ የጻፍከው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። አውሮፕላን መግዛትና አየር ኃይል መመሥረት ይለያያሉ። አንቺም ላይ የበረረው ፈረንሳዊ ነው፤ የሚጠግነውም የውጭ ሰው ነው። መሣሪያው የእኛ፣ እጁ የሌላ ሰው።

1928ን የማስቀድመው አየር ኃይሉ እንደ ሠራዊት የተፈተነበት ዓመት ስለሆነ ነው። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠር ተዋጊና ቦምብ ጣይ ይዞ መጣ። በእኛ በኩል የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ። ሆኖም በረሩ። መልእክት አደረሱ፣ መድኃኒት አመላለሱ፣ ቁስለኛ አወጡ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን መስከረም 22 ቀን 1928 አድዋ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ አየር ኃይሉን መራ፤ የጠላት አውሮፕላን በሞላበት ሰማይ በባዶ እጁ ተመላለሰ። ከድሉ በኋላም ተመልሶ መጥቶ ወጣቶችን በበረራ አሠለጠነ። በ1946 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ ያለፈችው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው።

በዚያው በ1928 ታህሳስ ወር «ፀሐይ» ተነሣች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አውሮፕላን ናት። ጣሊያን ማርኮ ወሰዳት። ከሰማንያ ዓመት በላይ እዚያ ቆይታ በጥር 2016 ተመለሰች። ጠላት ድንበር ጥሶ እየገባ፣ ከተማ እየተደበደበ፣ አውሮፕላን የሠራ ሕዝብ! ለልጆቹ ከላይ በትልቁ የሚጻፈው ዓመት ይህ ካልሆነ የትኛው ሊሆን ነው?

ነሐሴ_12
«እጁ የሌላ ሰው» ላልከው፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ የአብራሪነት ፈቃድ አግኝተዋል። ባቢቼፍ አባቱ ሩሲያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ እዚሁ ያደገ ነው። ከ1928 አምስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ስለዚህ መነሻው የኢትዮጵያዊ እጅ ከሆነ እንኳ 1928 ዘግይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቹ ይወዱታል ብዬ። ጥቅምት 1923 የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ትሪኒዳድ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ኸበርት ጁሊያን ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱላትን ጂፕሲ ሞዝ የምትባል አነስተኛ አውሮፕላን አስነስቶ ከሰከሳት። እሱ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ባቢቼፍ ግን ቀረ፤ ኋላም አየር ኃይሉን ከመሩት አንዱ ሆነ። ልጆቹ ሁለቱን ሰዎች አጠገብ ላጠገብ ቢያስቀምጧቸው ጥሩ ነው።

ጥቅምት_15
በሌላ በኩል ልምጣበት። የአገር መከላከያ ሠራዊት ቀን ዛሬ የሚከበረው ጥቅምት 15 ነው፤ መነሻውም በ1900 አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴር መቋቋሙ ነው። የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ልብ በሉ፣ አድዋ ከዚያ በፊት ነው። እንደ አድዋ ያለ ድል ያለው ሠራዊት ልደቱን ከድሉ አልቆጠረም፤ ተቋም ከሆነበት ቀን ቆጠረ።

በዚህ መለኪያ «መጀመሪያ መቼ በረርን» ወይም «መጀመሪያ መቼ ተዋጋን» የሚለው መልስ አይሆንም። አዛዥ፣ ሥልጠና፣ በጀት፣ ደንብ ያለው ቤት የሆነው መቼ ነው ነው ጥያቄው። ይህ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ልጅ አያት ያደላል።

ሌላም ትምህርት አለው። የመከላከያ ቀን ቀደም ሲል የካቲት 7 ይከበር ነበር። ተለወጠ። የምስረታ ቀን በድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም ማለት ነው። መወያየታችን ከንቱ አይደለም።

የሃንጋር_ሰው
ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። እኔ በ1950ዎቹ ገብቼ እስከ 1983 የቆየሁ ቴክኒሺያን ነኝ። መምህርት የጠቀሱት አያት ማን እንደሆኑ ባላውቅም የሚሉት ይገባኛል። ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጣሊያን የነበረውን ሁሉ አጥፍቶት ነበር። ከድል በኋላ የተጀመረው ከባዶ መሬት ነው። የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ ሰው ነው፤ ከድል በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ከአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ደብረ ዘይት ላይ ትምህርት ቤቱን አቆመ። (ዛሬ ቢሾፍቱ ነው፤ እኛ ግን ከአፋችን አልወጣም።) በግንቦት 1939 ሳፊር በምትባል ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ብቻውን ከስቶክሆልም ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በአየር ላይ። እኛ ስንገባ ይህ ታሪክ ለካዴት ሁሉ ይነገር ነበር፤ በሳፊር ያልጀመረ አብራሪ አልነበረማ። ያው ሰው ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሞተ፤ ለተራበ ሰው እህል ሲያደርስ ነው የሞተው። ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው።

ከሳፊር ቀጥሎ ሳብ 17 ነበር፣ ቦምብ ጣዩ። ከዚያ አሜሪካኖቹ መጡ፤ ቲ 33 እና ኤፍ 86 ሴበር ይዘን የጄት ዘመን ገባን። በ1954 አራት ሴበር ወደ ኮንጎ ሄዱ፣ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር። ድሮ ከውጭ አሠልጣኝ የምንለምን ሰዎች ለሌላ አፍሪካዊ አገር ሰላም አስከባሪ ላክን። ያን ቀን የተሰማንን ኩራት ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም።

ስለ በዓሉ ደግሞ ማታ እጽፋለሁ። ዓይኔ ደከመ።

ሰላም_ከቢሾፍቱ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እንዳረፉ ይጻፉልን፤ አንቸኩልም።

ምሥራቅ_ሰማይ
የሃንጋር_ሰው እስኪመለሱ ስለ 1969 ልናገር። ያለዚያ ዓመት ይህ በዓል እንዲህ ባልተከበረ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ገባ። በመሬት ላይ በታንክም በመድፍም በልጦናል፤ ብዙ ከተማ ያዘ። በአየር ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሶማሊያ ሚግ 21 እና ሚግ 17 የሚባሉ ሶቪየት ሠራሽ ተዋጊ ጄቶች ነበሯት። እኛ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ 5። የኛ አብራሪዎች ሥልጠና ጠለቅ ያለ ነበር፤ ካራማራ ላይ ያለው ራዳር ጠላት ከየት እንደመጣ ቀድሞ ይነግራቸዋል፤ ኤፍ 5ኢ ሳይድዋይንደር ሚሳይል ታጥቋል። ለገሠ ተፈራና ባጫ ሁንዴን የመሰሉ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚጎቹን እየመቱ ሰማዩን አስለቀቁ። ሰማዩ ከተለቀቀ በኋላ የሶማሊያ ጦር ነዳጁንም ጥይቱንም በዚያ በረዥም የበረሃ መንገድ ማመላለስ ከበደው። ድሬዳዋ ሳትያዝ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የምድር ጦሩና ሚሊሺያው ደም እንዳለ ሆኖ።

ለገሠ ነሐሴ 1969 ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ። አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት ከረመ፤ በ1980 ነው የተፈታው። ለፈጸመው ጀብዱ የላቀ ጀግና ሜዳይ ተሸልሟል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ብለው ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ይጻፉት። ዘመኑ የአብዮት ነበር፣ አየር ኃይሉ ውስጥም ብዙ ሰው በፖለቲካ ተጠርጥሮ ታስሮ ነበር፤ አንዳንዱ ከእስር ወጥቶ በቀጥታ ኮክፒት ገባ ይባላል። አገር ስትጠራው ቂሙን ዋጥ አድርጎ የሄደ ትውልድ ነው።

የሃንጋር_ሰው
ምሥራቅ_ሰማይ፣ የልጆቹን ስም በማንሳትህ ተባረክ። አንድ ነገር ግን ጎድሏል፤ አብራሪ ባልሆንም ስለ አብራሪ ደስ ብሎኝ እሰማለሁ፤ ስለ እኛ ግን ማንም አይጠይቅም።

በዚያ ክረምት አሜሪካ መሣሪያና መለዋወጫ ማቅረብ አቁማ ነበር። የኤፍ 5 ዕቃ ከየት ይመጣል? ከቆመችው አውሮፕላን ፈትተን ለምትበረው እንገጥም ነበር። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሞተር እንለውጣለን። አንዷ አውሮፕላን አርፋ ነዳጅ ሞልታ፣ ጥይትና ሚሳይል ታጥቃ፣ ጎማዋ ታይቶ እንደገና እስክትነሣ ያለው ደቂቃ የጦርነቱ ደቂቃ ነው። ብዙ አውሮፕላን የሌለው አገር ያለችውን ደጋግሞ ካላበረረ በምን ያሸንፋል? አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የቴክኒሺያኑን ፊርማ መዝገቡ ላይ ያያል፤ ከዚያ ነፍሱን ይሰጠዋል። ያ ፊርማ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ ፈርሜ የላክኳት ሳትመለስ የቀረች ጊዜ አለ። በጠላት ተመትታ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ መዝገቡን ደጋግሜ አነበብኩ።

አሁን ወደ በዓሉ። በጃንሆይ ጊዜ ትልቁ ቀን የምረቃው ቀን ነበር። ካዴቶች ክንፋቸውን ይቀበላሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ማርሽ ባንዱ ይጫወታል፣ ሰልፍ አለ፣ አውሮፕላኖች በቅርጽ ተሰልፈው ከራሳችን በላይ ያልፋሉ። ያ ለእንግዳው ነው። የእኛ በዓል ግን ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ይጀመራል። ሃንጋሩ ወለሉ እስኪያበራ ይታጠባል። በየክፍሉ የስፖርት ውድድር አለ፤ የሞተር ክፍል ከመገናኛ፣ የጦር መሣሪያ ክፍል ከአውሮፕላን አካል ጥገና። ሲሸነፍ ለወር ያህል የሚያኮርፍ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ለቤተሰብ የሚከፈትበትን ቀን ነው። ሚስቶቻችንና ልጆቻችን ይገባሉ። ልጅን አንስተህ ኮክፒት ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ «ይህን አባትህ ነው የሠራው» ትለዋለህ። ሌላ ቀን ስለ ሥራችን ቤት ውስጥ መናገር ክልክል ነበርና፣ ልጆቻችን ምን እንደምንሠራ የሚያውቁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ከእነዚያ ልጆች አብራሪ የሆነ አለ፣ የአየር መንገድ መካኒክ የሆነ አለ።

የአብራሪ_ልጅ
ጋሼ የሃንጋር_ሰው፣ ኮክፒት ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች አንዷ እኔ ነኝ፤ ማን አንስቶ እንዳስቀመጠኝ አላስታውስም እንጂ። ምናልባት እርስዎ ይሆኑ ይሆናል።

አባቴ አልተመለሰም። እንዴትና የት የሚለውን እዚህ አልጽፍም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በበዓሉ ቀን ስም ይነበብ። አዲስ አውሮፕላን መታየቱን አልጠላም፤ በ2016 ሱ 30 የተባለው ሩሲያ ሠራሽ ተዋጊ ጄት ሲቀርብ እኔም እንደማንኛውም ሰው ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን ከትርኢቱ በፊት፣ ሙዚቃው ሳይጀመር፣ ከ1921 ጀምሮ እስከ ዛሬ በግዳጅ ላይ የወደቁት ሁሉ ስማቸው በድምፅ ይነበብ። ጃንሆይ ዘመን፣ ደርግ ዘመን፣ ከዚያ በኋላ ሳይባል። አብራሪ፣ ቴክኒሺያን፣ የጥበቃ ወታደር ሳይባል።

ያልተመለሱና መሞታቸውም ያልታወቀ አሉ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ የተማረከ ሰው ነው። መጀመሪያ በደርግ ጊዜ በሻዕቢያ ተይዞ ዓመታት ታስሮ ወጣ። ከዚያ በ1990 አገር እንደገና ስትጠራው በረረ፤ አስመራ ላይ ተመታ፤ እንደገና ተማረከ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይጠብቃል። የእንዲህ ያለ ሰው ስም በአየር ኃይል ቀን ካልተጠራ በየትኛው ቀን ሊጠራ ነው?

ታሪክ_ፈላጊ
እህቴ፣ ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። ስለ ዓመቱ ስንከራከር ይህ ጉዳይ እንዳይሸፈን።

ደግሞም ስሞቹን መሰብሰብ ራሱ የዓመቱን ክርክር ይነካል። ስም ዝርዝሩ ከ1928 ይጀምር ካልን ከዚያ በፊት የሠለጠኑት ይወጣሉ። ከጣሊያን በኋላ፣ ሳፊር ከገባችበት ከ1939 ካልን በጣሊያን ጊዜ የወደቁት ይወጣሉ። ለልደት ኬክ አንድ ቀን መምረጥ ይቻላል፤ ለሙታን መዝገብ ግን የመጀመሪያውን ቀን መውሰድ ነው ያለብን። በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ወደ ነሐሴ_12 ተጠግቻለሁ።

ጥቅምት_15
የስም ንባቡን እደግፋለሁ። የሚከብደው ግን 1981 እና 1983 ላይ ስንደርስ ነው፤ እሱንም እንናገር።

ግንቦት 8 ቀን 1981 በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሞቱ። የቀድሞው አዛዥ ፋንታ በላይም በዚያው ጦስ ሕይወታቸው አለፈ። ከዚያ በፊት በ1967 ከተገደሉት ስድሳዎቹ መካከል ሌተና ጄኔራል አሰፋ አየነ አሉ፤ እሳቸውም የአየር ኃይል አዛዥ የነበሩ ናቸው። ሁሉም በጠላት እጅ አልሞቱም። በዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ ወይስ አይገቡም? ይግቡ ባይ ነኝ። በግዳጅ የወደቁ በአንድ ገጽ፣ በአገር ውስጥ ሁከት ያጣናቸው በሌላ ገጽ ተብሎ ቢጻፍ እንኳ።

ግንቦት 1983ም አለ። መንግሥት ሲወድቅ አንዳንዱ አውሮፕላኑን ይዞ ወደ ጎረቤት አገር ወጣ፤ የቀረውም ታሰረ ወይም ተበተነ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቤት ባዶ ሆነ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጦርነት ሲመጣ ከተበተኑት ብዙዎቹ ተጠርተው ተመለሱ። በታህሳስ 1991 ሱ 27 ሲገባ አዲሶቹን ካሠለጠኑትና ካገዙት መካከል የቀድሞዎቹ ነበሩ።

የሃንጋር_ሰው
እውነት ነው። እኔ ዕድሜዬ ገፍቶ አልተመለስኩም፤ ጓደኞቼ ግን ሄዱ። አንዱ በሰው ጋራዥ ውስጥ መኪና እየጠገነ ነበር የሚኖረው። መልእክት ሲደርሰው ቱታውን አጥቦ ሄደ። ምንም አልጠየቀም።

በቅርብ ዓመታት የቀድሞ አባላትን መጋበዝ ተጀምሯል፤ ደስ ይላል። የምመኘው ከተጋባዥነት እንድናልፍ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠን ከምናይ አንድ ቀን ከወጣት ቴክኒሺያኖች ጋር ሃንጋር ውስጥ ያውሉን። የሞተሩ ዓይነት ተለውጧል፣ አውቃለሁ፤ ከአሜሪካን ወደ ሩሲያ ስንሸጋገርም ሁሉ ነገር ተለውጦብን ነበር፣ የዳሽቦርዱ ጽሑፍ ሳይቀር። የማይለወጠው ነገር የቁልፍ አያያዝ፣ የመዝገብ ሐቀኝነት፣ «አልጨረስኩም፣ አትነሣም» ብሎ ለአዛዥ የመናገር ድፍረት ነው። ያንን በመጽሐፍ አታገኘውም።

ምጽዋ_ናፋቂ
በመካከል ስለገባሁ አትቀየሙኝ። እኔ የባሕር ኃይል ልጅ ነኝ። የእኛ የባሕር ኃይል ቀን ምጽዋ ላይ ነበር የሚከበረው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ይገኛሉ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት መርከቦች ወደቡ ላይ ይሰለፋሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የሚፋጠጡት ኃያላን ባሕረኞች በእኛ በዓል ላይ አብረው ይውሉ ነበር። ወደቡ ሄደ፣ መርከቦቹ ተበተኑ፣ በዓሉም አብሮ ጠፋ። ባሕር ኃይሉ እንደገና መቋቋም ሲጀምር ያን በዓል የሚያስታውስ ሰው እየተመናመነ ነበር። እናንተ የቆመ ግቢ፣ የሚበር አውሮፕላን፣ በሕይወት ያለ ቴክኒሺያን አላችሁ። ጋሼን ድምፃቸውን ቅረጹ። ዛሬ ነገ አትበሉ።

የአብራሪ_ልጅ
ምጽዋ_ናፋቂ፣ ትክክል ነህ። መምህርት ሰላም፣ የክበቡ ልጆች ቴክኒሺያኖቹን ቃለ መጠይቅ ቢያደርጉስ? ቢሾፍቱ ውስጥ በየሰፈሩ አሉ። አብዛኞቹ የሚያዳምጣቸው ነው ያጡት።

ነሐሴ_12
ይህ ይደረግ። ጥያቄ ስታዘጋጁ «ጀግንነትዎን ይንገሩን» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ይዘጋል። «የመጀመሪያ ቀን ምን አውሮፕላን ላይ መደቡዎት? አለቃዎ ማን ነበር? የሥራ ዕቃዎ ምን ምን ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዕቃ የተነሣ ወሬ ሩቅ ይሄዳል። ፎቶ ካላቸው ጀርባውን አገላብጡ፤ ያኔ ቀንና ቦታ ከጀርባ መጻፍ የተለመደ ነበር። ፎቶውን አትውሰዱባቸው፤ እዚያው በስልክ አንሱት። የአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ያለው ቁጥር በግልጽ እንዲታይ አድርጉ፤ ዘመኑን ለማወቅ ከምንም በላይ የሚረዳው እሱ ነው።

ስለ ዓመቱ አቋሜ አልተለወጠም። 1921 ነው።

ታሪክ_ፈላጊ
የእኔም አልተለወጠም። 1928።

ሰላም_ከቢሾፍቱ
ሁላችሁንም ዛሬ በክበቡ ሰዓት አነበብኩላቸው። ጋሼ የሃንጋር_ሰው ስለ ፊርማው የጻፉት ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ልጆቹ የወሰኑት ይህ ነው። ከላይ አንድ ዓመት አይጻፍም። ሰሌዳው በረዥሙ ማኮብኮቢያ ሆኖ ይሣላል፤ 1921፣ 1928፣ 1939 በየቦታቸው ይቀመጣሉ፣ በሥራቸውም ለምን ልደት እንደተባሉ አጭር ማስረጃ ይጻፋል። በይፋ የሚከበረው 1928 መሆኑ በግልጽ ይታያል። 1983 ላይ ማኮብኮቢያው ተቆርጦ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ይህን ያለችው መጽሐፉን ያመጣችው ልጅ ናት። አብራሪዎች ከላይ፣ ቴክኒሺያኖች ከታች የሚለውን የመጀመሪያ ንድፍ ራሳቸው ሰረዙት፤ አሁን በአንድ መስመር ናቸው።

የስም ንባቡን በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ እኛው እንጀምራለን። እስካሁን በዚህ ክር ላይ ከተነሡትና ከመጻሕፍት ካረጋገጥናቸው ስሞች እንነሣለን። አያቱ አየር ኃይል የነበሩት ልጅ አንባቢ ይሆናል።

ጋሼ፣ ሁለት ጥያቄ ከልጆቹ አለ። ሳፊር ውስጥ ስንት ሰው ይቀመጣል? ከሞተር ክፍልና ከመገናኛ ክፍል በኳስ ማን ይበልጥ ነበር?

የሃንጋር_ሰው
በእኔ ጊዜ በነበረችው ሳፊር ፊት ለፊት ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ አሠልጣኝና ሠልጣኝ። ከኋላም መቀመጫ አላት። ከውስጥ ታይታዋ ሰፊ ናት፣ ሠልጣኙ አሠልጣኙን ከጎኑ ስለሚያየው አይፈራም ነበር።

ኳሱን በተመለከተ፣ እኔ ሞተር ክፍል ነበርኩ፤ ሞተር ክፍል ነው የሚበልጠው። ከመገናኛ የሆነ ሰው ይህን ካነበበ ይምጣና ይከራከረኝ፤ ስልኩን ለመምህርት በግል ይላክ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ልጆቹን ይዘውልኝ ይምጡ፣ የሥራ ዕቃ ሣጥኔን አወጣላቸዋለሁ።